ከላይኛው አልጋ የተላለፈ የሳምንቱ ሙዚቃ መመሪያ

ሥራ የፈታ ሰው ክፋቱ ምክር መጀመሩ ነው። ሥራ ላይ ያለ ሹፌር ዝም ብሎ ይነዳል፤ መኪናውን የሸጠ ሹፌር ግን ጎናችሁ ተቀምጦ ማርሽ መቼ እንደሚቀየር ያስተምራችኋል። እኔም ማሲንቆዬን ይዤ የምጫወትበት ምግብ ቤት በኮሮና ምክንያት በሩን ከዘጋ በኋላ፣ ለዱባይ፣ ለሻርጃና ለአጅማን ነዋሪዎች የሳምንቱን የቀጥታ ሙዚቃ መመሪያ ማውጣቴን አላቋረጥኩም። ሙዚቃው ተከልክሎ የምን መመሪያ ነው ትሉኝ ይሆናል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ቆይ እደርስበታለሁ።

ከበሽታው በፊት ነገሩ ቁም ነገር ነበረው። በየሰው ቤት የሚሠሩት እህቶቻችን ዕረፍታቸው አርብ ብቻ ናት፤ እሷንም የሚያገኙት ማዳም ደስ ሲላት ነው። ያቺ አንድ ቀን እንዳትባክንባቸው፣ በየሳምንቱ የስልክ ግሩፓችን ላይ የት ማሲንቆ እንዳለ፣ የት ኪቦርድ እንዳለ፣ የትኛዋ ዘፋኝ ጉንፋን እንደያዛት፣ የየትኛው ቤት ድምፅ ማጉያ ጆሮ እንደሚበጥስ እጽፍ ነበር። የሚያሙኝ አልጠፉም። እኔ በምጫወትበት ቀን ከተማው ውስጥ ያሉ ዘፋኞች በሙሉ ጉንፋን ይይዛቸዋል ይሉኛል። አጋጣሚ ነው።

በሽታው የገባው ሁዳዴ ላይ ነበር። በሁዳዴ ደግሞ ማሲንቆዬ ድሮም ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ስለዚህ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሥራ ፈታሁ አላልኩም፣ ጾምኩ ነው ያልኩት። ፋሲካ መጣ፣ ጾሙ ተፈታ፣ ምግብ ቤቱ አልተከፈተም። ወዲያው ረመዳን ቀጠለ፤ እሱንም ከጎረቤት ጋር አከበርኩ። ዒድ አለፈ። ከዚያ በኋላ ለሥራ መፍታቴ የማመካኝበት ጾም አለቀብኝ።

እህቶቻችን ደግሞ በሽታ ይዘው እንዳይመለሱ ተብሎ የአርብ ዕረፍታቸውን ተቀሙ። ወራቱን ሙሉ ከግቢው በር አልወጡም። አንድ ቀን የሺ የምትባል፣ አል ዋርቃ አንድ ቪላ ውስጥ የምትሠራ የጎጃም ልጅ፣ ጋሼ ደምሴ መመሪያውን ለምን ተዉት ብላ ጻፈችልኝ። ሙዚቃ የለም እኮ አልኳት። ባይኖርም እንዳለ አድርገው ይጻፉልን፣ እኛ እንደሆንን ድሮም ከምንሄድበት የማንሄድበት ይበልጣል አለችኝ። አንጀቴን በላችው። በዚያው ሰዓት ስልኬን አንስቼ ከተማውን ማዳመጥ ጀመርኩ፤ ለካ ሙዚቃ ሞልቷል።

ለምሳሌ ሰኞ፦ ካራማ፣ የእኛ ሕንፃ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ አንድ ፊሊፒናዊ መታጠቢያ ቤት ገብቶ የፍቅር ዘፈን ያቀርባል። መግቢያ በነፃ፣ ውኃው ሲቋረጥ ዘፈኑም ይቋረጣል። ማክሰኞ፦ አጅማን፣ ጓደኛዬ ጌታቸው ሳክስፎን ይጫወታል። አብረውት የሚኖሩት ሰዎች በድምፅ ብልጫ ከክፍል ስላስወጡት የሚለማመደው የቆመ መኪና ውስጥ፣ መስኮቱን ዘግቶ ነው። ስለዚህ ዝግጅቱ ለዓይን ብቻ መሆኑን በመመሪያው ላይ ግልጽ አድርጌያለሁ። ከፊት ለፊቱ በረንዳ ያየው አንድ ሰው የዛሬው አጨዋወትህ ከሁሉም ይበልጣል ብሎታል አሉ። ረቡዕ፦ ሻርጃ፣ የጴንጤ ወንድሞቻችን መዘምራን። የተከራዩት አዳራሽ ስለተዘጋ እያንዳንዱ ከየቤቱ በስልክ ነው የሚዘምረው። አንዱ ሃሌ ሲል ሌላው ሉያ ላይ ደርሷል። እኔ የተዋሕዶ ልጅ ነኝ፣ ግን ስለ ሙያው ስል እስከ መጨረሻው ሰማሁ፤ ዋላሂ፣ ያቺ ከኋላ የምትቀረዋ ልጅ ድምጿ ከሁሉም ያምራል።

ሐሙስ የእኔ ቀን ነው፤ በቪድዮ ለግሩፑ በቀጥታ አስተላልፋለሁ። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ካራማ፣ አልጋ በአልጋ የሚከራየው ቤድ ስፔስ ቁጥር ስድስት፣ ላይኛው አልጋ። መድረኩ ጠባብ ነው፤ ቀና ካልኩ ኮርኒሱ አናቴን ይለኛል፣ ስለዚህ ትዝታ ስጫወት አንገቴን የምደፋው ከስሜት ብቻ አይደለም። ከእኔ ሥር ያለው የሕንዱ ኬረላ ሰው ደግሞ ዝም በል ለማለት አልጋዬን ከታች በቡጢ ይመታል። ከበሮ መሆኑን ግን ግሩፑ አጸደቀው። እንዲያውም ምቱን ትንሽ ፈጠን እንዲያደርገው የጠየቁ አሉ።

አሁን ወደ ጉዱ ልግባ። እንደምታውቁት ማሲንቆ ሲጫወት የሚሰማው ሰው ተቀበል ብሎ ሁለት መስመር ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪው ያንኑ ተቀብሎ በዜማ ይመልሳል፣ ከዚያም የሰጪውን ስም ከነአገሩ ይጠራል። ስም ሳይጠሩ ማለፍ ነውር ነው፤ የሰውን ግጥም እንደመብላት ይቆጠራል። ሃያ ዓመት ሙሉ ስም ስጠራ ኖሬያለሁ፤ ያልጠራሁት ሰው ካለ ያኮረፈ ነው። የዚያን ሐሙስ የሺ በጽሑፍ እንዲህ ስትል ተቀበል አለችኝ፦

ሙዙም ታጠበልን፣ ቲማቲሙም ጸዳ፣
የማዳም አመል ነው የማይለቀው ዕዳ።

እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግራችሁ አልችልም። በሽታው ከገባ ወዲህ ማዳሞች ከገበያ የመጣውን ሁሉ በሳሙና ስለሚያሳጥቡ፣ ግጥሙ የግሩፑን እንጀራ የነካ ነበር። አራት ጊዜ መላልሼ ተቀበልኩት። ቀጥሎም እንደ ሙያዬ ደንብ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ይህን ያለችው የሺ ናት፣ የአል ዋርቃዋ፣ ነጭ በር ያለው ቪላ፣ በሩ ላይ ሁለት የተምር ዛፍ፣ ብዬ አወጅኩ። የቀረኝ የበሩን ቁልፍ ማደል ብቻ ነበር። ግሩፑ በሳቅ ፈነዳ፣ እኔም ረክቼ ወረድኩ።

አርብ ጠዋት ከየሺ የድምፅ መልእክት ደረሰኝ። በሹክሹክታ ነው። ጋሼ፣ ኸላስ፣ አለቀልኝ ትላለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሺ የምትሠራው ለማዳም ቢሆንም የምታድረው ከማዳም አማት ክፍል ነው። ልጆቹ ማማ ከቢራ የሚሏቸው፣ ትልቋ እናት ማለት ነው፣ ሰማንያን ያለፉ አሮጊት ናቸው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሺ እግራቸውን እያሸች፣ እሳቸው ጸጥ ብለው እየቆጠሩ፣ ማለቴ መቁጠሪያቸውን፣ አብረው ኖረዋል። በሽታው ከመጣ ጠያቂ ስለተከለከለ ከየሺ ሌላ ሰው የላቸውም። የዚያን ሐሙስ የስልኳ ማዳመጫ ተበላሽቶ ስለነበር ማሲንቆዬ በክፍሉ ተሰማ። ማማ ከቢራም ረባባ፣ ረባባ እያሉ ድምፁን ጨምሪልኝ አሏት። ረባባ የሚሉት የእነሱ የበረሃ ማሲንቆ ነው፣ እሱም እንደ እኔው ባለ አንድ ክር፤ የልጅነታቸው ድምፅ ነው። የሺ ደስ ብሏት ስልኩን አልጋው ላይ አኖረችው። ግጥሙ መጣ። ማማ ከቢራ ሳቁ።

ሰው ሲስቅ አይቶ እንደሚስቅ ሰው አይደለም የሳቁት። አመል የሚለው ላይ ነው የሳቁት፣ ልክ ቦታው ላይ። ከዚያ እንባቸውን በሻሻቸው ጠርገው ጥርት ባለ አማርኛ፣ እውነቱን ነው አሉ።

ዘጠኝ ዓመት እኮ ነው። እስኪ አስቡት፣ የሺ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ እሳቸው ፊት ለእህቷ በስልክ ያላወራችው ምን አለ? የማዳምን ወጥ አውርታለች፤ የማዳምን ባል ማንኮራፋት በድምፅ ጭምር አሳይታለች። ራሳቸውን ማማ ከቢራን እግራቸውን እያሸች፣ ይቺ አሮጊት እኔን ሳትቀብር አትሞትም ብላለች። አሁን አሮጊቷ ለማዳም አንድ ቃል ቢተነፍሱ ሥራዋም ቪዛዋም አበቃ ማለት ነው። አውሮፕላን ደግሞ ቆሟል፤ ቢያባርሯት እንኳ የምትሄድበት የለም። ሻንጣዬን አውርጃለሁ ትላለች በመልእክቱ መጨረሻ።

ክው አልኩ። ግጥሙ የእሷ ቢሆንም ስሟን ከነዛፉ የጠራሁት እኔ ነኝ። አፈርኩ፤ ከልቤ አፈርኩ። ማሲንቆዬን ሳየው ራሱ የሚታዘበኝ መሰለኝ።

ጥፋት ያጠፋ ሰው ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ ይጨምርበታል። መጀመሪያ ቪድዮውን አጠፋሁ፤ ነገር ግን ግሩፑ በሙሉ ቀድሞ ለዘመድ አዝማዱ ልኮት ነበር። ከዚያ ማስተባበያ አወጣሁ። ባለፈው ሐሙስ የተጠቀሰችው የሺ በአል ዋርቃ ከምትገኘው የሺ ጋር ምንም ግንኙነት እንደሌላት እናሳውቃለን አልኩ። ምን ብትል ነው ማስተባበያ የወጣላት ብለው ግጥሙን ያልሰሙትም ፈልገው ሰሙት። ቅዳሜ ማታ እንቅልፍ ሲያጣኝ የማዳምን ጸባይ የሚያወድስ ግጥም ጀመርኩ፤ ሁለተኛው መስመር ላይ ህሊናዬ እምቢ አለኝ።

እሑድ ረፋድ ላይ ስልኬ ጮኸ። የየሺ ቁጥር ነው። አነሳሁት። አንቺ ደምሴ፣ እንዴት ሰነበትሽ፣ አለኝ የአሮጊት ድምፅ፣ በለዘበ የጎጃም ቅላፄ።

እኔ ጢም ያለኝ ሰው ነኝ። ግን ማማ ከቢራ አማርኛን የተማሩት የሺ ለእህቷ ስታወራ ሰምተው ስለሆነ፣ የሚያውቁት አንቺ የሚለውን ብቻ ነው። እኔም ማረም አልሞከርኩም። ደህና ነኝ ማማ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ልጅቷን እንዳይጎዱብኝ አልኳቸው።

ያላ፣ ልቅሶሽን ተዪና ስሚኝ አሉኝ። እሳቸው አማርኛውን የያዙት የሺ በመጣች በሁለተኛው ዓመት ነው። ለምን እንዳልተናገሩ ሲያስረዱኝ ምክንያታቸው እንደ ፀሐይ የጠራ ነበር። እሰማለሁ ካልኳት ስልኳን ይዛ ኮሪደር ትወጣለች፣ እኔ ከግድግዳው ጋር ምን አወራለሁ አሉ። የየሺ እህት ከባሏ ስትጣላ አብረው ተቆጥተዋል፣ ስትታረቅ ቶሎ ታረቀች ብለው ተናደዋል፤ ቴሌቪዥን ላይ እንዲህ ያለ ተከታታይ ድራማ የለም። ስለ እሳቸው የተባለውን ሁሉ ሰምተዋል። እኔን ሳትቀብር አትሞትም ያለችውን ደግሞ እንደ ምርቃት ነው የያዙት። ለምራታቸው ለመናገር አንድም ቀን አላሰቡም። ሐሙስ ሳቁ ያመለጣቸው ግጥሙ ከአቅማቸው በላይ ስለሆነ ነው።

ታዲያ ሙሽኪላው፣ ችግሩ ምንድን ነው ማማ? አልኩ። ሙሽኪላውማ የሺ ናት አሉኝ። ከሐሙስ ጀምሮ ስልክ ሲደወልላት ኮሪደር ትወጣለች። የእህቷ ባል ደግሞ ሐሙስ ዕለት ቤቱን ጥሎ ወጥቶ ነበር፤ ይመለስ አይመለስ ሦስት ቀን ሙሉ የሚነግራቸው አጡ። ሲናገሩ ሊያለቅሱ ደርሰው ነበር። አንቺ ያበላሸሽው ነገር ነውና አንቺ አስተካክዪው አሉኝ።

ትንሽ ቆይቼ፣ የሺ ከማድቤት ተመልሳ ስልኳን ስትይዝ ደወልኩላት፣ ነገርኳት፣ መጀመሪያ አላመነችም፣ ቀጥላ ሳቀች፣ ቀጥላ ሻንጣዋን መለሰች። በዚያው ቀን እህቷን በድምፅ ማጉያ አደረገቻት። ባልየው ተመልሷል፤ ማማ ከቢራ ቶሎ ተመለሰ ብለው ቅር ተሰኙ አሉ።

በማግስቱ እንደገና ደወሉልኝ። ለሐሙስ እሳቸውም የሚሰጡት ግጥም አላቸው። ሐሳቡ የእሳቸው፣ ቤት ማስመታቱ የእኔ ሆኖ ይህ ወጣ፦

ምራቴ በጓንቷ እጄን ስትነካ፣
ሰው ነው የምትፈራ፣ በሽታ አይደል ለካ።

ስም ልጥራ ወይስ ይቅር? ብዬ በትሕትና ጠየቅኩ፣ አሁን ተምሬያለሁና። ከነዛፉ ጥሪ አሉኝ፣ ምራቴ እንደሆነች አማርኛ አትችልም።

ሐሙስ ደረሰ። በመመሪያዬ ላይ ልዩ እንግዳ እንዳለን አስታውቄ ነበር። አንገቴን ደፍቼ ግጥሙን አራት ጊዜ ተቀበልኩት፣ የኬረላው ሰው ከታች በቡጢ አጀበኝ፣ ስማቸውንም ከነተምር ዛፉ ጠራሁ። የሺ እንደነገረችኝ፣ አል ዋርቃ ውስጥ ማዳም በዚያን ሰዓት የታጠበ ሙዝ በሳህን ይዛ በማማ ከቢራ በር በኩል ታልፍ ነበር። ቆም አለች። ከዚያ ሙዙን እንደያዘች ወደ ማድቤት ተመለሰች።

አርብ ጠዋት ማዳም ያለ ጓንት ወደ አማቷ ክፍል ገባች። እጃቸውን ያዘች፣ ግንባራቸውን ሳመች፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ረጅም ጊዜ ቆየች። በሽታው ከገባ ወዲህ አድርጋው የማታውቀው ነገር ነው። ማማ ከቢራ አለቀሱ፣ የሺ አለቀሰች፣ እኔም ስሰማ ላይኛው አልጋዬ ላይ ሆኜ ዓይኔን ጠረግኩ። ማን ተርጉሞላት ይሆን ብለን ብዙ ተነጋገርን፤ እስከዚያ ሐሙስ እንደምናውቀው፣ በዚያ ቤት ከየሺና ከማማ ከቢራ ሌላ አማርኛ የሚሰማ አልነበረም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ማዳም ክፍሉ ውስጥ ተቀምጣ የየሺ እህት ስትደውል፣ የሺና ማማ ከቢራ ተደጋግፈው ኮሪደር ይወጣሉ።