በአንድ ፊደል የደረቀ ሙጫ

ወደ አጀንዳው ከመግባቴ በፊት አንድ ወሬ አርማለሁ። የጀልባዬን ምሰሶ «ልብስ አስጥታ ሰበረችው» ይሉኛል። የሰቀልሁት አንድ አንሶላ ነው፤ ያውም ደረቅ። ከውሃው ማዶ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ጆሮዋ ስለ ደከመ ስልክ አይሆናትም፤ አንሶላውን በሩቅ ማያ መነጽር አይታ በሕይወት መኖሬን ታውቃለች። ምሰሶውን የሰበረው ነፋስ ነው። አዲስ ምሰሶ ሊሠራልኝ የተቋቋመው ኮሚቴ በየሳምንቱ «ለሚቀጥለው ቅዳሜ» ስላለኝ ስጠብቅ፣ እህቴ አራት ወር ሙሉ ምንም አላየችም።

ቀን፦ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ቦታ፦ የአናጢው ጋራዥ።
የተገኙ፦ ሊቀመንበሩ (ጡረተኛ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር)፣ አናጢው (የወንድሜ ልጅ)፣ ልብስ ሰፊዋ፣ እኔ ጸሐፊዋ።
ያልተገኘ፦ ቀለም ቀቢው፤ እስካሁን የሚቀባ ነገር ባለመኖሩ።
ምልዓተ ጉባኤ ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ ለአዲሱ ምሰሶ የተገዛውን፣ በሙጫ ሲደርቅ የሚጠነክር የካርቦን ፋይበር ጨርቅ ስለ መቍረጥ

አናጢው ሙጫውን ከማጠንከሪያው ጋር ቀድሞ በባልዲ ቀላቅሎ፣ በመጥረጊያ እንጨት እያማሰለ ነበር። በግማሽ ሰዓት እንደሚደርቅ አስታወቀ። ሊቀመንበሩ ማስታወቂያው «ልዩ ልዩ» በሚለው ሥር እንዲቀርብ አሳሰቡ። ልብስ ሰፊዋ የጨርቁ ጠርዝ ካልተዘመዘመ እንደሚተረተር አስረዳች። አናጢው «እትዬ፣ ይሄ እኮ ቀሚስ አይደለም» ቢላት፣ ቀሚስ ቢሆንማ ኖሮ እሱ እጅ እንደማይገባ ገለጸችለት። ከረጅም ውይይት በኋላ እንዲዘመዘም በሦስት ድምፅ ተወሰነ። ሦስተኛው ድምፅ የእኔ ነው፤ የተተረተረ ጠርዝ አልወድም።

አጀንዳ 2፦ ጨርቁን በሙጫ ነክሮ ለምሰሶው ቅርጽ በሚሰጠው ቱቦ ላይ ስለ መጠቅለል

ባልዲው መጨስ ሲጀምር አናጢው ተነሥቶ «ኧረ በናታችሁ፣ ቶሎ ይጠቅለል!» ሲል ጮኸ። ሊቀመንበሩ «ይጠቃለል» ያለ መሰላቸው። ሐሳቡን አመስግነው የአራቱንም ወር ስብሰባዎች ውይይት ከሥር ከመሠረቱ ማጠቃለል ጀመሩ። አናጢው «ጋሼ፣ ‹ቅ› ነው ያልኩት፣ ‹ቅ›!» አለ። ጋሼም ከመናገር በፊት እጅ ማውጣት እንደሚቀድም አስታወሱት። የቀኝ ጓንቱ ከመጥረጊያው ጋር ስለ ተጣበቀ ግራውን አወጣ። ግራ እጅ ይቈጠር እንደሆነ ሰፊ ውይይት ተደረገ። እኔም ስለ ቃሉ ተጠይቄ፣ «ይጠቅለል» እና «ይጠቃለል» በአንድ ፊደል እንደሚለያዩ ከነምሳሌው አስረዳሁ። ምሳሌዎቹ ስድስት ነበሩ። ሁለት ይበቃ ነበር።

ሲያበቃ ሙጫው ድንጋይ ሆኗል። የመጥረጊያው እንጨትም መሀሉ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

ውሳኔ፦ ዛሬ የተወሰነው ሁሉ ሙጫው ፈሳሽ ነው በሚል ስለሆነ፣ መዘምዘሙን ጨምሮ ተሽሯል። ሥራው ለሚቀጥለው ቅዳሜ ተላልፏል። ስብሰባው በአሥር ሰዓት ተበተነ።

ጸሐፊዋ ግን እስከ ቅዳሜ አትጠብቅም። ነገ ጠዋት በመጀመሪያ አናጢውን ባልዲውን አሸክሜ ወደ ጀልባዬ እወስደዋለሁ። ቀጥሎ ባልዲውን ምሰሶው በነበረበት ቦታ አስቀምጠዋለሁ። እንጨቱን ነቅንቄ አይቼዋለሁ፤ ንቅንቅ አይልም። ከዚያ አንሶላዬን እሰቅልበታለሁ።

አንሶላው ተተኩሷል።