ያላዩትን የሚያውቁት ጋሽ ታፈሰ

በ1972 ዓ.ም. የአርባ ዓመት ሰው ነበርኩ፤ አብነት ሰፈር ብረት እቀጠቅጥ ነበር። ያላየውን ፍጥረት ደንብ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ጎረቤቴ ጋሽ ታፈሰ ከቀበሌ ስብሰባ ሲመለሱ የሰፈሩን ልጆች ጭራቅና ቡዳ እያደረጉ ያጫውቱ ነበር። ቡዳ የሆነው ልጅ ከሳቀ ይቆጣሉ።

«ቡዳ አይስቅም! ብረት ይቀጠቅጣል፤ ሲጎርስ ያየውን ሰው ይበላል። ደንቡ ነው!»

አንድ ቀን ልጄ ከጨዋታው መጥታ ምሳዋን በነጠላዋ ከለለችብኝ።

«አባዬ፣ ወደዚህ አትይ» አለችኝ።

እኔም፣ አትሳቁብኝ፣ ተነስቼ ዓይኔን በመስታወት አየሁ።

በማግስቱ ጠዋት ልጄን ይዤ ጋሽ ታፈሰ ቤት ቁርስ ላይ ደረስኩ።

«እኔ እያየሁ ይብሉ» አልኳቸው።

አማትበው ጎረሱ፤ ምንም አልሆኑም። ያኔ ልጄን ከዚያው ሳህን አጎረስኳት።