የጋሼ ሙህዲን አዲስ ከንፈር

መርካቶ ውስጥ እያንዳንዱ ሱቅ የራሱ ተከራካሪ ደንበኛ አለው፤ የሌለው ካለ ገና ዛሬ የተከፈተ ነው። ሲኒማ ራስ አካባቢ ሸራ ወጥራ ፔርሙስ ለምትሸጠው ለሀፍሷ የደረሷት፣ ክቡርነታቸው ጋሼ ሙህዲን ናቸው።

ጋሼ ሙህዲን ለሱቃቸው አንድ ካርቶን ፔርሙስ ለመግዛት ሦስት ጊዜ ተቆጥተው ይሄዳሉ፤ አራት ጊዜ ይመጣሉ። «የመጨረሻውን ንገሪኝ» ይላሉ። ትነግራቸዋለች። «እሺ፣ አሁን ደግሞ የመጨረሻውን መጨረሻ!» አንድ ክረምት ሸራዋ አናታቸው ላይ ቢያፈስ፣ ለዚያም ቅናሽ ጠይቀዋታል። ሀፍሷ ከሩቅ ባየቻቸው ቁጥር ራሷን ያማት ነበር።

ታችኛው ከንፈራቸው ላይ ዓመት ሙሉ አልድን ያለ ቁስል ነበራቸው። የቆዳ ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ወጣቷ ሐኪም ዶክተር ኤልሳቤት፣ የብዙ ዓመት ፀሐይ ሳያመጣው አይቀርም አለች።

ባለቤታቸው መሊካ ይህን ለሀፍሷ ስታወራ በንዴት አጨበጨበች። «ጥላ ያለው ሱቅ ዋጋው አይቀመስም እያለ፣ አርባ ዓመት ፀሐይ ላይ ቆሞ ሲከራከር!»

ሐኪሟ ከከንፈሩ ከግማሽ በላይ እንደሚወጣ ስትነግራቸው ጋሼ ሙህዲን፣ «ሩብ አድርጊውና እንስማማ፣ ልጄ» ብለው ነበር።

«ትንሽ እንኳ ከተረፈ በሽታው ይመለሳል፣ አባባ።»

ይህን ጊዜ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ላይ ተከራከሩ። «እንግዲያው ጨምረሽ ውሰጂ። ብቻ እንደ ድሮዬ እናገራለሁ?»

«ከጉንጭዎ ሥጋ አዲስ ከንፈር እሠራልዎታለሁ። ንግግሩን ግን እርስዎ ይለማመዱታል፤ በደንብ መመለሱን አሁን ላረጋግጥልዎ አልችልም።»

እሳቸው በቀዶ ሕክምና ታክመው እስኪያገግሙ፣ ሁለት ወር ሀፍሷ ያለ ክርክር ሸጠች። ገዢው ይጠይቃል፣ ይከፍላል፣ ይሄዳል። ቀኑ አልመሽ አላት።

አንድ ጠዋት ጋሼ ሙህዲን መጡ። አፋቸው ጠበብ ብሏል፤ ቀጭን ጠባሳ እስከ አገጫቸው ወርዷል። ትናንት ጉንጭ የነበረ ሥጋ ዞሮ መጥቶ ከንፈር ሆኖ ተቀምጧል! ሀፍሷ በመገረም አፏን ይዛ ቀረች። ባለሱቆቹ ሁሉ ሥራቸውን ትተው ማየት ጀመሩ።

«ጋሼ፣ እንኳን አላህ ማረዎት። ዛሬስ ዝም ብለው ይውሰዱ፤ በነፃ ነው።»

ፊታቸው ጠቆረ። ከንፈራቸውን ለመግጠም ታገሉ።

«አል… ሞትኩም» አሉ፣ ቃሉን እየለቀሙ። «ዋጋ ጥሪ!»

ሀፍሷ እንባዋን ዋጠች። ከዚያ ያለ አንዳች ኀፍረት የዋጋውን ሦስት እጥፍ ጠራች።

አዲሱ ከንፈር ተንቀጠቀጠ፤ ተገጠመ፤ ተከፈተ።

«አንቺ ሌባ! መርካቶን በቁሟ ልትበያት ነው?»

እስከ ማዶ ሱቅ ጥርት ብሎ ተሰማ። ሀፍሷ ደረቷን ነፍታ ወደ ጎረቤቶቿ ዞረች።

«ሰማችኋቸው? የኔ ደንበኛ ናቸው!»