የነጋድራስ ቤትና «በላ ካሳ»

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ወገኖቼ! ብዙ አላቆያችሁም። አጭር ናት ብዬ ጀምሬ ሰው ያስመሸሁበት ቀን እንዳለ አልክድም፤ የዛሬዋ ግን እውነትም አጭር ናት። ከረዘመችባችሁ ጥፋቱ የእኔ ሳይሆን የቤቱ ነው፤ ቤቱ ትልቅ ነበር።

ትልቅ ቤት ያለው ሰው ደግሞ እንቅልፍ የለውም። ባለ ጎጆ ቢበዛ የሚሰጋው ለጣራው ፍሳሽ ነው። ትልቅ ቤት ግን ዓይን ይጠራል፤ ሌባ ያየዋል፣ መንግሥት ያየዋል፣ ዘመድ ያየዋል። ከሦስቱ ዘመድ ይሻላል እንዳልላችሁ፣ እኔው ራሴ በዘመድነት ነው የገባሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጣልያን ጊዜ ደብረ ታቦር ላይ የነጋድራስ እንግዳን ልጅ አግብቼ ነበር። ሚስቴን ወደ ቤቴ ልውሰድ ብል አማቴ መጥተው ቤቴን አዩና «ልጄስ ትግባ፤ ጓዟ የት ይቀመጣል?» አሉ። ጓዙ እንዳይቸገር እኔው ወደ ጓዙ ሄድሁ።

ያን ቤት ያላየ፣ ቤት አየሁ አይበል! ያሠሩት የነጋድራስ አባት ናቸው፤ ጨው ጭነው ሲወርዱ፣ ቡና ጭነው ሲወጡ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሲራራ ነጋዴ። ግንበኛው ከጎንደር መጣ። የጽድ ወራጁ ከጣራ ገዳም ደን ነው የሚሉ አሉ፤ ቀስ በሉ፣ መነኮሳቱ እንዳይሰሙ። ምድር ቤቱ ለበቅሎና ለጭነት፣ ደርቡ ለሰው፤ ከደርቡ ፊት ደግሞ ቁጭ ብለው ጉናን የሚያዩበት ሰገነት። የምድር ቤቱ ግድግዳ ስንት ዘመን አሞሌ ጨው ሲደገፍበት ኖሮ ጨውን ጠጥቶ ጠጥቶ፣ የጎረቤት ላም ሁሉ ከግጦሽ ስትመለስ በውጭ በኩል ሳትልሰው አታልፍም። አማቴ እማማ ብርቄ ዱላ ይዘው ይወጡና «ሂጅ ከዚህ! ቤቴን በልተሽ ልትጨርሽው ነው!» ሲሉ መስማት የዘወትር ጸሎታችን ነበር።

ሲራራ ነጋዴ ደግሞ ሽፍታ ይፈራል። ስለዚህ ሽማግሌው ከእህል ጎታው ኋላ ግንቡን ሁለት አድርገው አስገነቡና መሀሉን ክፍት ተዉት፤ ሽፍታ ሲመጣ ዝባዱና የዝሆን ጥርሱ እንዲደበቅበት። በእኛ ጊዜ ዝባድም ጥርስም የለም። የተደበቀበት ካሳ ነው።

ካሳ የነጋድራስ አንድ ወንድ ልጅ ነው፤ የሚስቴ ወንድም። ዱር ቤቴ ብሎ ጉና ላይ ከአርበኞቹ ጋር ከርሞ፣ ብርዱ ደረቱን ቢይዘው ጥቂት ቀን እናቱ እጅ ላይ ሊያገግም መጥቶ ነበር። ጣልያን ካገኘው ስቅላት ነው። ቤቱም ይቃጠላል። ለአማችም ቢሆን ገመድ አይጠፋም።

አንድ ረፋድ ላይ ታዲያ፣ ለመደበቂያው እንዲቀርብ ብለን ምድር ቤት ጎታው አጠገብ ከበነው ሳለን፣ ካሳ ገንፎውን በልቶ እጁን ሳይታጠብ በሩ ተንኳኳ። ካሳ ከጎታው ኋላ ገብቶ ግንቡ ዋጠው። የገባው አንድ የጣልያን መኮንን ነው፤ ቁመቱ የባሕር ዛፍ። አስተርጓሚው በቅሎዎቹን ውጭ እያሰሩ ስለነበር ብቻውን ገባ። ግድግዳውን አየ፣ ወራጁን አየ፣ እጆቹን ዘረጋና «ካሳ!» አለ።

ነጋድራስ የተቀመጡበት ደረቁ። እኔስ? እኔ በትምህርት ከዳዊት አልዘለልሁም፤ ዳዊት ውስጥ ደግሞ ጣልያንኛ የለም። በእኛ አገር ካሳ ማለት ሰው ነው፤ በየጓሮው አለ።

እማማ ብርቄ ግን ደንግጠው ዝም የሚሉ ሴት አይደሉም። «የምን ካሳ? ካሳን ካየነው ስንት ዘመናችን!» አሉ።

መኮንኑ ፈገግ አለና «ቤላ! ቤላ ካሳ!» አለ።

በላ ካሳ! ካሳ በላ! እማማ ብርቄ የገንፎውን ገበታ አዩ፤ ገበታው ገና ይጨሳል። ወደ እኔ ዞረው በሹክሹክታ «መብላቱንም ነግረውታል!» አሉና፣ ወደ መኮንኑ ተመልሰው «ማን በላ? እኔ ነኝ የበላሁ! ሰው በቤቱ ገንፎም አይብላ?» ብለው ጮኹበት። ነጋድራስ ደግሞ በነጋዴ ወግ «ቢርበው ነው መሰል፤ ለሱም ይቅረብለት» ይላሉ።

ሰውየው ቤት እየመረጠ ነበርና ነገራችን አልገባውም። ወደ ጎታው ሄደ። ያዘው ብለን ዓይናችንን ጨፈንን። እሱ ግን ግንቡን በያዘው ዘንግ ኳ ኳ አደረገና፣ ጥንካሬው ደስ ቢለው ጮክ ብሎ «ኦ ካሳ! ካሳ!» አለ።

ግድግዳው «አቤት!» አለ።

ግድግዳ ጆሮ አለው ሲባል ሰምቻለሁ፤ አፍ እንዳለው ያወቅሁ ያን ቀን ነው። እኛ የፈራነው ሳሉን ነበር፤ ጉድ ያደረገን ጨዋነቱ ነው! እማማ ብርቄ ሲጠሩት አቤት የማይል ልጅ እየቆነጠጡ ነው ያሳደጉት። ያ ምስኪን በትኩሳት ሸለብ አድርጎት ስሙን ሲሰማ፣ እናቱ የጠሩት መስሎት ተነሥቶ መለሰ።

እግሬ ከአእምሮዬ ቀድሞ ዘለለና ጎታው አጠገብ ቆምሁ። «አቤት! አቤት ጌታዬ!» እያልሁ እጅ ነሣሁ። ይኸኔ አስተርጓሚው በሩ ላይ ቆመዋል። ጸጉራቸው የሸበተ፣ ነገር የማያበዙ የሐማሴን ሰው ናቸው።

«ማነው አቤት ያለው?» አሉ።

«እኔ ነኝ» አልሁ።

«ስምህ ካሳ ነው?»

«ነው» አልሁ። እማማ ብርቄ በዓይናቸው ወጉኝ። ሴት ልጃቸውን መውሰዴ ሳያንስ የወንዱን ልጃቸውን ስም ደግሞ ወሰድሁ።

አስተርጓሚው ለመኮንኑ ነገሩት። ሆዱን ይዞ ሳቀ። አስተርጓሚው ለእኛም ፈቱልን፤ ለካስ ካሳ በእነሱ አፍ ቤት ማለት ነው! ቤላ ደግሞ ያማረ። ሰውየው ከገባ ጀምሮ ያማረ ቤት፣ ያማረ ቤት እያለ ሲያመሰግነን ነው የከረመው። እፎይ አልን። እፎይታችን ግን ከአፋችን ወጥቶ ሳያልቅ አስተርጓሚው ቀጠሉና «ቤቱን ወዶታል። ደርቡን ይይና ከወደደው ዛሬውኑ ይገባበታል። እናንተ ትለቃላችሁ» አሉ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይሏል ይኸ ነው። እኛስ እንለቃለን፤ ግንቡ ውስጥ ያለውን ማን ያወጣዋል?

መኮንኑ ደረጃውን ወጣ፤ እኔም ተከተልሁ። የነጋድራስ አባት የምድር ቤቱን በር ጭነት ለያዘ በቅሎ ሰፊ አድርገው ሲያሠሩ፣ የደርቡን ግን ዝቅ አስደርገውታል፤ ወዳጅም ሆነ ወንበዴ ሲገባብኝ እጅ ይንሣ ብለው። መኮንኑ እጅ መንሣት አልለመደም። ጓ! አለ ግንባሩ። የብረት ቆቡ በደረጃው እየተንከባለለ ወርዶ በቅሎዎቹ ድርቆሽ ውስጥ ገባ። ግንባሩን እያሸ ሰገነቱ ላይ ወጣና ጉናን ሲያይ ግን ፊቱ ፈካ። አለቀልን አልሁ። እንዲህ ያለ ሰገነት ማን ይተዋል? ዓይኑን ከተራራው ሳይነቅል ወደ ኋላው ሲመለስ፣ ሽማግሌው በሕይወት ያሉ ይመስል በሩ አናቱን ደገመው።

አስተርጓሚው ከደረጃው ሥር ሆነው በእጃቸው ወለሉን ያህል ዝቅ እያደረጉ አንድ ነገር በጣልያንኛ ነገሩት። ኋላ እንደገባኝ የሌሎቹ ክፍሎች በር ከዚህም ያንሳል ማለታቸው ነው። ሌላ ዝቅ ያለ በር በቤቱ የለም! መኮንኑ ከነድርቆሹ ቆቡን ደፋና ቤላ ሳይል፣ ካሳም ሳይል፣ በበቅሎ በር ወጣ።

አስተርጓሚው ቀረት አሉ። ጎታውን አዩ፣ ከኋላው ያለውን ግንብ አዩ፣ ከዚያ ወደ እማማ ብርቄ ዞሩና «እናቴ፣ ግድግዳዎን ይምከሩት፤ ለጠራ ሁሉ አቤት አይባልም» አሉ።