የመሪጌታ አዳነ ፋይል

ቀይ እስክርቢቶ ስታዩ ማን ትዝ ይላችኋል? አብዛኛው ሰው የሒሳብ አስተማሪው ነው የሚመጣበት። እኔን ግን ዳባት ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው በጭቃ ዳገት የሚወጡ አንድ ሰው ናቸው ትዝ የሚሉኝ። እስከ ዛሬ ቀይ እስክርቢቶ አልገዛም።

ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት የሰው ሀብት አስተዳደር ነው። ወድጄ አልገባሁበትም፤ ሦስተኛ ምርጫዬ ነበር። ሁለት ዓመት ስማር ግን ትዕቢቱ መጣ። ቅጥር፣ ዝውውር፣ ዲሲፕሊን፣ ስንብት፤ ሁሉም በየምዕራፉ ተቀምጧል፤ ሌላ ምን ቀረ? አንድም ሰው አስተዳድሬ አላውቅም። ዶርም ውስጥ ከላዬ የሚተኛውን ልጅ እንኳ ሬዲዮ ማስቀነስ አቅቶኝ ነበር።

ክረምት ላይ ለአፓረንትሽፕ፣ ለሥራ ልምምድ ማለት ነው፣ ዳባት ተላክሁ። የመሥሪያ ቤቱ ስም ይቅርብን። አለቃዬ ወይዘሮ ጥሩወርቅ የሚባሉ፣ ብዙ የማይናገሩ ሴት ነበሩ። የውጤቴ ግማሽ በእሳቸው እጅ ነው። በመጀመሪያው ቀን ቀይ እስክርቢቶና ማስመሪያ ሰጡኝ። ሠራተኛው ሲገባ መዝገብ ላይ ይፈርማል፤ ልክ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን እኔ ከመጨረሻው ፊርማ ሥር ቀይ አሰምራለሁ። ከቀዩ በታች የፈረመ አርፍዷል ማለት ነው። ሁለት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ያለበት ሰው አንዴ ከቀዩ በታች ከዋለ ደግሞ ይሰናበታል። ይህን ያወጡት አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ናቸው።

ሁለት ማስጠንቀቂያ ያለባቸው አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ፣ መሪጌታ አዳነ። አምስት ልጆች ያሳድጋሉ። ቤታቸው ከከተማ ውጭ፣ በእግር ከአንድ ሰዓት በላይ ነው። ክረምት ወንዙ ሲሞላ በድልድዩ ዞረው ይመጣሉ። ድልድዩ ደግሞ ለማንም ሲል አይቀርብም።

መሪጌታ የሠራተኛውን ፋይል በፊደል ተራ አልደረደሩትም። ሁሉንም በተቀጠረበት ቀን ታቦት ነው ያስቀመጡት። በአሥራ ሁለት የተቀጠረ ሚካኤል መደርደሪያ ላይ፣ በአሥራ ዘጠኝ የተቀጠረ ገብርኤል ላይ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ልደታ ናቸው። መደርደሪያው ላይ ምልክት የሚባል ነገር የለም፤ ሁሉም ያለው በእሳቸው ጭንቅላት ነው። እኔ ይህን ሳይ ራሴን ያዝኩ፤ መጽሐፌ ውስጥ እንዲህ ያለ ምዕራፍ የለማ። ፋይል ሲጠየቁ ግን እጃቸውን አንዴ ሰደድ አድርገው ያወጣሉ።

ሐምሌ ውስጥ ነው፤ ዝናቡ ሲወርድ አድሯል። ሁለት ሰዓት ከሃያ ሲሆን ከአንድ ሰው በቀር ሁሉም ፈርሟል። ማንም ግን ወደ ቢሮው አልሄደም። ጉሙ ገለጥ ሲል በመስኮቱ አየናቸው፤ ሱሪያቸውን ጠቅልለው ዳገቱን ተያይዘውታል። ሾፌሩ ሰዓትህ ይቀድማል አለኝ። ገንዘብ ያዧ እስክርቢቶህን ለአንድ አፍታ አውሰኝ አለች። ወይዘሮ ጥሩወርቅን አየኋቸው። ትንሽ ቆይ ይሉኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ወረቀታቸውን ያገላብጣሉ። እየፈተኑኝ ይሆን? ውጤቴን አሰብኩ። አምስቱን ልጆች አሰብኩ። መልሼ ውጤቴን አሰብኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈራሁ። ሁለት ሰዓት ተኩል ሆነ፤ አሰመርኩ። ማስመሪያ ይዤም መስመሩ ጠመመ።

መሪጌታ ሦስት ደቂቃ ቆይተው ደረሱ። መስመሩን አዩት። እጃቸውን በጋቢያቸው ጠረጉና ከቀዩ በታች በዚያ በሚያምር ጽሕፈታቸው ፈረሙ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «አይዞህ ልጄ፣ ታዘህ ነው» አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

የስንብት ደብዳቤውንም ያረቀቅሁት እኔ ነኝ። ምሳ አልበላሁም። ሥራ አስኪያጁ ግን ጠንቃቃ ሰው ናቸው፤ ነገ ይግባኝ ቢባልስ ብለው፣ የፊተኞቹ ሁለት ማስጠንቀቂያዎች ካልተያያዙ አልፈርምም አሉ። ማስጠንቀቂያዎቹ የት ናቸው? መሪጌታ ፋይል ውስጥ። ፋይሉን ማን ያወጣዋል? መሪጌታ። እንዲያመጣ የተላከው ማነው? ይህን እንኳ አትጠይቁኝ።

መዝገብ ቤት ገብቼ አንገቴን ደፍቼ ነገርኳቸው። ምንም አልተለወጡም። ቆመህ አትጠብቅ ብለው አጎዛ የተነጠፈበት ወንበራቸው ላይ አስቀመጡኝና ወደ መደርደሪያው ገቡ። ወረቀት ሲገላበጥ፣ አቧራ ሲራገፍ ይሰማኛል። በየመካከሉ «ወይ አቡዬ» ይላሉ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ባዶ እጃቸውን ወጡ።

«ልጄ፣ የሰውን ሁሉ ታቦት አውቃለሁ፤ እኔ የተቀጠርኩበትን ግን ዘነጋሁት። እየፈለገ ነው በልልኝ።»

ለወይዘሮ ጥሩወርቅ ነገርኳቸው። ቀና ሳይሉ፣ እንግዲህ እስኪገኝ መጠበቅ ነው አሉ። ከንፈራቸው ላይ ግን ፈገግታ አየሁ። ደብዳቤው ትሪው ላይ ቀረ፤ የእኔም ሁለት ወር አለቀ። በግምገማ ቅጹ ላይ «መመሪያ ማክበር» ለሚለው ሙሉ ሰጡኝ። «የሰው አያያዝ» ለሚለው ግማሽ። ያኔ ተናድጄባቸው ነበር።

ከዓመታት በኋላ ወደ ደባርቅ ስሄድ ሚኒባሱ ዳባት ቆመ፤ ያንን ሾፌር አገኘሁት። መሪጌታ ጡረታ ወጡ አለኝ። ደነገጥኩ። ጡረታ ያለ ፋይል እንዴት ይሆናል?

ሾፌሩ ሳቀ። ለጡረታው ፋይሉ ጠዋት ተጠይቆ ከሻይ ሰዓት በፊት ጠረጴዛ ላይ ነበር አለኝ። ከየትኛው ታቦት ተገኘ ብዬ ጠየቅሁ።

ከየትኛውም አይደለም አለኝ። ወንበራቸው ላይ፣ አጎዛው ሥር ነበር። ያን ቀን እሳቸው ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሲፈልጉት፣ እኔ ተቀምጬበት ነበር።