ክቡር ሊዮፖልድና ቋጠሯቸው

በየጀልባው ላይ ሌላ ሰው ያሰረውን ገመድ የማያምን አንድ ሰው አይጠፋም። ጀልባ ረግጣችሁ የማታውቁም ታውቁታላችሁ፤ ቆልፎ የወጣውን በር ከመንገድ ተመልሶ የሚገፋው፣ ታክሲ ውስጥ እናንተ የዘጋችሁትን በር ከፍቶ እንደገና የሚዘጋው ሰውዬ ነው። «ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር» የሚለው ተረት ለሌሎቻችን ምክር ነው፤ ለእሱ ግን ሃይማኖት ነው።

በእኛ በኒው ጀርሲ ጠረፍ የዚህ ሃይማኖት ጳጳስ ክቡር ሊዮፖልድ ዱፕካ ናቸው። ዕድሜያቸውን አሳንሰር ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ ወጡና ቅዳሜ ቅዳሜ በካፒቴን ማርጎ ጀልባ ከእኛ ከጠላቂዎቹ ጋር ይወጡ ጀመር። የምንጠልቀው በጦርነት ዘመን ወደ ሰጠመ የጭነት መርከብ ነው። እዚያ ጥልቀት ላይ ብርሃን የለም፤ ውኃው በበጋም አጥንት ይገባል። መውረጃችንም መውጫችንም ከጀልባዋ እስከ መርከቡ የተዘረጋ አንድ ገመድ ነው። ደለል ተነሥቶ ገመዱ የጠፋበት ሰው መመለሻ የለውም።

ስለዚህ ገመዱን መርከቡ ላይ የሚያስር ሰው ቀድሞ ይወርዳል። አስሮ ሲጨርስ ከታች የፎም ኩባያ ይለቃል፤ ነጩ ኩባያ ውኃው ላይ ብቅ ሲል «ታስሯል፣ ውረዱ» ማለት ነው። ሁሉም ሰው ከወጣ በኋላ ደግሞ ፈቺው ይወርዳል፤ ሁለተኛው ኩባያ «ተፈቷል፣ ሳቡ» ማለት ነው። በሌላ ጀልባ ይህ ሥራ በተራ ይሠራል። በእኛ ጀልባ ግን አሳሪም ፈቺም ክቡርነታቸው ነበሩ። ተራ ይድረሰን ያለ ሁሉ የሚሰማው መልስ አንድ ነው፤ «ያላሰርኩትን አላምንም።»

የሰው የመጥለቂያ ልብስም አያምኑም።

«ዚፕህን ዘግተሃል?» ይሉኛል።

«ዘግቻለሁ፣ ጋሽ ሊዮ።»

«ማን አየ?»

«እኔው ነኛ።»

«አንተማ ባለቤቱ ነህ። ባለቤት ምስክር አይሆንም።» ይህን ብለው ዚፔን ሲጎትቱ የእንቁላል ሳንድዊቼ በረዶ ይሆናል።

እህቴ ዊኒ ስታገባ ድንኳኑን አይተው አንገታቸውን ነቀነቁ። ገመዱን አንድ በአንድ ፈትተው እንደገና ሊያስሩ ተነሡና ግማሹ ድንኳን ኬኩ ላይ ወረደ። ቆሽቱ ያላረረ የዊኒ ዘመድ አልነበረም። ሙሽራው ሃርላን ብቻ ከት ብሎ ሳቀ፤ እሱም ከእኛ ጋር የሚጠልቅ ስለሆነ ጠባያቸውን ያውቀዋል።

ይባስ ብለው አንድ ጊዜ ቀብር አስቆሙ። ሣጥኑ ጉድጓዱ አፍ ላይ ደርሶ፣ ቄሱ ጸሎት ጀምረው፣ ክቡርነታቸው በሁለት ከዘራ እየተንገዳገዱ ወደ ፊት ወጡና «ይህን ገመድ ማን ነው ያሰረው?» አሉ። ቀባሪው «ጌታዬ፣ እንጀራችን እኮ ነው» ቢላቸው ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው ተንበረከኩ። እንኳን ለቀስተኛው ቄሱም አፈሩ።

አሁን ስለ ከዘራው ልናገር።

በመከር መጨረሻ አንድ ቅዳሜ ነበር። ከሃርላን በቀር ሁላችንም ወጥተናል። ሃርላን ብቻውን መጥለቅ ይወድ ነበር፤ የመርከቡ የሞተር ክፍል ውስጥ ገብቶ ሳይወጣ ሰዓቱ አለፈ። ነፋሱም ተነሣ። ክቡርነታቸው ማንንም ሳይጠይቁ ልብሳቸውን መልበስ ጀመሩ።

«ሊዮ፣ ጠዋት ታች የሳብከው አየር ገና ከደምህ አልወጣም» አለቻቸው ማርጎ። «አሁን ደግመህ ብትወርድ ሽባ ሆነህ ነው የምትወጣው።»

«ገመዱን ያሰርኩት እኔ ነኝ» አሉ። «እሱን ያመነ ሰው ታች አለ።»

ወረዱ። ማዕበሉ ሲጨምር ገመዱ የጀልባዋን አፍንጫ ወደ ታች ይጎትት ጀመር። እንዲህ ሲሆን ገመድ መቁረጥ የባሕር ሕግ ነው። ማርጎ ቢላዋ ይዛ ቆመችና «እንዲህ ያለ ሌላ ከመጣ እቆርጣለሁ» አለች። ሌላ መጣ፤ አልቆረጠችም። ከዚያ በኋላም ስንት እንደመጣ አላውቅም። ዓይኔን ከውኃው አልነቀልኩም፤ ለዊኒ ምን እንደምላት ብቻ ነበር የማስበው።

ኩባያውን ያየሁት እኔ ነኝ። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም፤ ጋሽ ሊዮ ሃርላንን ሳይዙ ገመዱን እንደማይፈቱ አውቃለሁ። እውነትም ሳይዙ አልፈቱም። ገመዱን ስንስብ ሃርላን ደረቱ ላይ በክቡርነታቸው ቋጠሮ ታስሮ ወጣ። ከሞተ ቆይቷል።

እሳቸውን ራቅ ካለ ቦታ ለቀምናቸው። አየራቸው ስላለቀ በየመንገዱ እየቆሙ ቀስ ብለው መውጣት ሲገባቸው በአንድ ትንፋሽ ነው የወጡት፤ ጀልባዋ ላይ ስናወጣቸው እግራቸው አልታዘዝ ብሏል። ሃርላንን ላስተኛው ብዬ ገመዱ ላይ ቢላዋ አሳረፍኩ።

«ተው» አሉኝ ከወለሉ። «በቢላ አይሆንም። እኔ እፈታዋለሁ።»

በክንዳቸው እየተሳቡ መጡ። ጣታቸው በብርድ ደርቋል፤ ቋጠሮው ውኃ ጠጥቶ ጠብቋል። ሄሊኮፕተሩ እስኪደርስ ታገሉት፤ ሊያግዛቸው የደፈረ ሰው አልነበረም። ፈቱት።

ዊኒ እሳቸው ከሆስፒታል ሳይወጡ ባሏን አልቀብርም አለች። ቅድም የነገርኳችሁ ቀብር የሃርላን ነው። ክቡርነታቸው ተንበርክከው የሣጥኑን ገመድ ሲፈቱ ሰው ሲያጉረመርም እህቴ ዞር ብላ «ተዉአቸው» አለች። «እሱም የሚያምነው የእሳቸውን ብቻ ነበር።»

አሁን አይጠልቁም፤ አሳሪው እኔ ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ከዘራቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ዚፔን ይጎትታሉ። ታች አስሬ ኩባያውን ስለቅ፣ ኩባያውን ያዩና ጓንታቸውን አውልቀው ገመዱን በባዶ እጃቸው ይይዛሉ። የመጨረሻው ሰው እስኪወጣ አይለቁትም። ማርጎ «ታስሯል እኮ ሊዮ» ብትላቸው መልሱ ያው ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ጉንፋን ይዟቸው ቀሩ። ባሕሩ ጸጥ ያለ ነበር። ለብሼ እስከ ጀልባዋ ጠርዝ ሄድኩና ገመዱን አየሁት፤ የያዘው ሰው የለም። ተመልሼ ልብሴን አወለቅሁ። ማርጎም ሞተሩን አስነሥታ ወደ ወደቡ አዞረች።