አፈኛው ጉልላት

ቤትም እንደ ሰው ጉድለቱ የሚያኖረው ጊዜ አለ። አትሳቁ! በደርግ ዘመን ያማረ ግቢ የነበራቸው ቁልፋቸውን ሲያስረክቡ፣ ጣሪያቸው የሚያፈስባቸው ጎረቤቶቼ ማንም ሳይመኝባቸው በሰላም ኖረዋል። እርግጥ ነው፣ ከባልዲ ጋር።

እኛ ጉለሌ፣ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ላይ አንዲት የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አለች። የሠራት ጣሊያን ግንበኛ ነው አሉ፤ ካቴድራል አስቦ ጉልላቱን ከለካ በኋላ ድንጋይ ሳያንሰው አልቀረም። ግድግዳዋ አጭር፣ ጉልላቷ ግዙፍ፤ የአባቷን ባርኔጣ የደፋች ሕፃን ትመስላለች። የባሰው ግን ማስተጋባቷ ነው። የተናገራችሁትን ሁሉ ትውጥና የመጨረሻዋን ቃል ደጋግማ ትመልስላችኋለች። ቄሱ አባ ዮሐንስ በዚህ የተነሳ በሹክሹክታ ነበር የሚቀድሱት። «ይህን አፈኛ ጉልላት የሚያርምልኝ ግንበኛ ላክልኝ» እያሉ መጸለያቸውንም ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

ግንበኛው ሳይመጣ የቀበሌያችን ሊቀመንበር መጣ።

«ጓድ አባ፣ ቤቱ ለስብሰባ አዳራሽነት ተፈልጓል። ነገ እንሞክረዋለን፤ ከተስማማን ቁልፉን ያስረክባሉ።»

አባ ዕድሜያቸውን የፈጁባት ቤት ናትና እንባቸው መጣ። ምን ይበሉ? በዚያ ዘመን እምቢ የሚባል ነገር የለም።

በማግስቱ ተሰበሰብን። አብዛኛው ሰው ኦርቶዶክስ ነውና እንደ ልማዱ ደጃፉን ተሳልሞ፣ ጫማውን አውልቆ ገባ። ሊቀመንበሩ ቦት ጫማውን እንዳደረገ መንበሩ ፊት ቆመና ግራ እጁን ጨብጦ ጮኸ፤ «አብዮታዊት እናት ሀገር ወይም ሞት!»

«ሞት! ሞት! ሞት!» አለ ጉልላቱ።

ልጃቸው ጦር ግንባር ያለባቸው እትዬ ዘነበች ደንግጠው «እግዚኦ!» አሉ። ሕዝቡም ተቀብሎ «እግዚኦ!»

ሊቀመንበሩን ላብ አጠመቀው። «ጠላት ይውደም!»

«ይውደም! ይውደም! ይውደም!»

«አሜን!» አልን በአንድ አፍ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሌላ ምን ይባላል?

ይሄኔ ሰውዬው ቱግ አለ። «ቆይ፣ እዚህ አገር አዛዡ ማነው?»

«ማነው? ማነው? ማነው?»

ወይ ጉድ! እንዲህ ያለ ጥያቄ ያኔ በሹክሹክታም አይጠየቅም። ከቀበሌው በላይ ካለው ጽሕፈት ቤት፣ ከከፍተኛ፣ ስብሰባውን ሊታዘብ የመጣ ካድሬ ፊት ለፊት ተቀምጦ ነበርና ሊቀመንበሩን ትኩር ብሎ አየው። ሊቀመንበራችን ድምፁ ቁልቁል ወርዶ፣ ልክ እንደ አባ እያንሾካሾከ፣ «ስብሰባው ተበትኗል» አለ። ቁልፉን የጠየቀም አልነበረም።

ትንሽ ቆይቶ የአባ ጸሎት ሠመረና አንድ ግንበኛ መሰላልና ጀሶ ይዞ ከተፍ አለ። አባ በሩ ላይ ቆመው ከለከሉት።

«እንዴ አባ! ስንት ዓመት የለመኑት እርስዎ አይደሉ?»

«ለምኜ ነበር ልጄ። ደግነቱ ቶሎ አልሰማኝም።»

ከዚያ ወዲህ አባ ጮክ ብለው ነው የሚቀድሱት።